አባቴ ዶክተር የሆነ ጊዜ

አባቴ ዶክተር የሆነው በ1989 ዓ.ም. ነው። ማዕረጉን የሰጠው አይቶት የማያውቅ አንድ ፈረንጅ ሲሆን፣ ደብዳቤው እስካሁን እኔ ዘንድ አለ። አባቴ መንዝ ውስጥ ገብስ የሚያርስ፣ በግ የሚያረባ ሰው ነበር። ልጅ ሳለ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ደግሟል፤ ከዚያ ወዲያ የተማሪ ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ደብዳቤው ግን «ውድ ዶክተር» ብሎ ከጀመረ በኋላ የሚጠራው የእሱን ስም ነው። ጽሑፉን ጽፌ የላክኩት ልጁ በሰላምታው ውስጥ የለሁበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በይነ ባህላዊ ተግባቦት በሚባለው ጥናት፣ ማለትም ባህላቸው የተለያየ ሰዎች እንዴት እንደሚግባቡ፣ ይልቁንም እንዴት እንደማይግባቡ በሚመረምረው ዘርፍ፣ የመጀመሪያ ጽሑፌን ለአንድ የውጭ አገር ጆርናል ልኬ ነበር። በሽፋኑ ገጽ ላይ እንደ ማንኛውም ያገሬ ሰው ስሜን፣ ቀጥሎ የአባቴን ስም ጻፍኩ። እነሱ ዘንድ ደግሞ ኋላ የሚመጣው ስም የቤተሰቡ መጠሪያ ነው፤ ሰው በክብር የሚጠራው በእሱ ነው። ስለዚህ እኔን ዘለው አባቴን ጠሩት። «ዶክተር» ማለታቸው እንኳ ጥናት የሚልክ ሁሉ ዶክተር መስሏቸው ይሆናል። እኔ ያኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን ገና የያዝኩ፣ ያለችኝን አንድ ኮት ከሰኞ እስከ ዓርብ የምለብስ ጀማሪ መምህር ነበርኩ።

እዚህ ጥናት ውስጥ የገባሁት የኪስ ገንዘብ ስፈልግ ነው። ተማሪ ሳለሁ ከስድስት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ማታ ማታ ለውጭ አገር ሰዎች አማርኛ አስተምር ነበር። የዚያ ሰዓት ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ከየቤቱ የሚወጣ የባሕር ዛፍ ጭስ፣ የሚቆላ ቡና፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ እርጥብ አፈር። ተማሪዎቼ አምስት ስድስት ቢሆኑ ነው። ነርስ አለች፣ የውኃ ቁፋሮ ባለሙያ አለ፣ ምን እንደሚሠራ እስከ መጨረሻው ያልገባኝ ረጅም ሰውዬም አለ። «ሀ ሁ»ን አስተምሬ «እንዴት ዋልክ»ን አስተምሬ፣ ግሡን እንደምንም ካስረባኋቸው በኋላ የምንጣላው በሌላ ነገር ነበር።

ለምሳሌ ነርሷ። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «እህ» እንል የለ? አንድ ቀን የቤት ሥራዋን ታሳየኛለች፣ እኔም ትክክል ነሽ ለማለት ትንፋሼን ሳብ፣ ሳብ አደርጋለሁ። በሳብኩ ቁጥር ደንገጥ ትላለች። መጨረሻ ላይ ደብተሯን አጥፋ «ደረትህን ያምሃል?» አለችኝ። «አይ፣ አዎ እያልኩሽ ነው» ብላትም አላመነችኝም። በማግስቱ የሳል ሽሮፕ ገዝታ መጣች። ጠርሙሱን ከነወረቀቱ ተቀበልኳት፤ ምን ላድርግ? አስቤ አስቤ መመለሱ ነውር ሆነብኝ። በዚያ ክረምት ብርድ ሲመታኝ ጠጣሁት፤ ጥሩ ሽሮፕ ነበር።

ከሁሉም የማይረሳኝ ግን የረጅሙ ሰውዬ ነገር ነው። የቤት አከራዬ ሰው ካላበሉ እንቅልፍ የማይወስዳቸው እናት ነበሩ። «ያንን ፈረንጅህን አምጣውና ቡና ይጠጣ» ብለው ቢጨቀጭቁኝ እሑድ ከሰዓት ይዤው ሄድኩ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ፈንዲሻው ተበትኗል። አቦሉን ጠጣ። ከዚያ እንጀራ ቀረበ። ሰውዬው ጥቂት ቀመስ አድርጎ ባስተማርኩት ጨዋ አማርኛ «በቃኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። እማማ መቼ ሊሰሙት! «ኧረ በሞቴ! አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!» እያሉ ጉርሻ ጠቅልለው አፉ ድረስ መጡ። እሱ ከኪሱ የማይለያት አንዲት ትንሽ ደብተር ነበረችው። የሰማውን ጻፈ፣ ገጾቿን ገለባበጠ፣ ቃሉን ፈታ፤ ከዚያ ፊቱ ነጭ ሆኖ ጆሮዬ ላይ ጠጋ አለና «ለምንድን ነው የሚሞቱት?» አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። እማማ «ምን አለ? ምን አለ?» አሉ። ነገርኳቸው። እሳቸው ምንም አልሳቁ፤ ጉርሻውን እንደያዙ «ታዲያ ሳይበላ ሊሄድ ነው እንዴ?» ብቻ አሉ። በላ። ሁለተኛውንም በላ፤ ጉርሻ አንድ አይሆንም ተብሎ። ሰኞ ዕለት ሆዱን ይዞ ከትምህርት ቀረ። ሲመለስ ያቺን የደብተር ቅጠል ለምኜ ወሰድኩበት። በእርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል «አፈር ስሆን = ብላ» ይላል። እንግዲህ ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ነገር ሁሉ ከዚያች ወረቀት የወጣ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

ጥናቴን የሠራሁት ግን «እሺ» በምትል ቃል ላይ ነበር። በአንድ የውጭ ድርጅት ቢሮ የሠራተኞችንና የአለቆቻቸውን ንግግር በፈቃዳቸው በካሴት ቀዳሁ። አለቃው ፈረንጅ «ሪፖርቱ ሐሙስ ይደርሳል?» ይላል፤ ሠራተኛው «እሺ» ይላል። ሐሙስ ይመጣል፣ ሪፖርቱ አይመጣም። አለቃው ዋሸኝ ይላል። ሠራተኛው ደግሞ «ሰማሁህ አልኩት እንጂ እጨርሳለሁ መቼ አልኩት?» ይላል። ካሴቱን እያዞርኩ ስሰማ ስንት ዓይነት «እሺ» እንዳለን ገረመኝ። የሚስማማ እሺ አለ፣ የሰማ እሺ አለ፣ «ቆይ ላስብበት» የሚል አለ፣ ሰውን ላለማስቀየም የተባለ ፍጹም እምቢታ የሆነ እሺም አለ። ልዩነቱ ያለው በድምፁ ርዝመትና በዓይን አጣጣሉ ነው። ካሴት ደግሞ ዓይን አይቀዳም።

ማታ ማታ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት እገባ ነበር። የዚያን ቤት ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የአሮጌ ወረቀት፣ የወለል ሰምና የእርጥብ ሹራብ ድብልቅ። አንዳንድ ሌሊት ከአንበሳ ግቢ የሚመጣው ግሳት መስኮቱን አልፎ ይሰማል። አዲስ ተማሪዎች ቀና ሲሉ ነባሮቹ ገጽ እንገልጣለን። ከኤድዋርድ ሆል ጋር የተዋወቅኩት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ስለ ዝምታ ቋንቋ በጻፈው መጽሐፍ ሰው በጊዜ አያያዙና በአቋቋሙ ርቀት ጭምር እንደሚናገር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ደግሞ አንዳንድ ባህል ነገሩን ሁሉ በቃል ዘርዝሮ ሲናገር፣ ሌላው አብዛኛውን ነገር ሳይናገረው ያግባባል ይላል። ይህን ያነበብኩ ሌሊት እማማንና ፈረንጁን አንድ ላይ ያየኋቸው መሰለኝ። አንዱ ቃሉን ይፈታል፤ እሳቸው ቃሉን ረስተውታል፣ የያዙት ጉርሻውን ነው።

ሌቪንንም ያኔ አነበብኩት፤ አገሬው «ጋሽ ሊበን» የሚለውን ሶሲዮሎጂስት። «ሰምና ወርቅ» እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ ሲሆን የሚጽፈው ስለ መንዝ ገበሬ ነው። እውነቱን ልናገርና መጽሐፉን ያነበብኩት አባቴን ፍለጋ ነበር። በአንዳንዱ ገጽ አገኘሁት፤ በአንዳንዱ ገጽ ደግሞ ይህስ አባቴ አይደለም ብዬ በሐሳቤ ተከራከርኩ። በሆላንዳዊው ሆፍስቴድ ሠንጠረዥ ግን ጭራሽ አጣሁት። የአይ.ቢ.ኤም. ሠራተኞች በሞሉት መጠይቅ ላይ ተመሥርቶ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ «ምሥራቅ አፍሪካ» ተብለው በአንድ መስመር፣ በአንድ ቁጥር ተቀምጠዋል። አባቴ ከወንዝ ማዶ ካለው ጎረቤቱ ጋር እንኳ በአንድ ቁጥር መቀመጥ የሚቀበል ሰው አልነበረም።

ጆርናሎቹ ያኔ ለእኛ ሩቅ ነበሩ። የዘርፉ ዋና የሚባለው ዓለም አቀፍ ጆርናል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል ማለት ነው። ሆኖም እጃችን የሚገባው ውጭ ተምሮ የመጣ ሰው በሻንጣው ይዞት ሲመጣ ነው። አንድ መምህሬ ነበሩ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። በቢሯቸው ሁለት መደርደሪያ ሙሉ ጆርናል ነበራቸው። «ውሰድና አንብብ» ብለው አያውቁም፤ መጽሐፋቸውን ይወዳሉ። ግን አንድ ቀን የቢሯቸውን ቁልፍ ትርፍ አስቀርጸው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። «ቅዳሜ እኔ አልገባም» አሉኝ፤ ሌላ አልተናገሩም። እስቲ ይህን የትኛው ፈረንጅ ይፈታዋል!

ጽሑፌን ሳሳያቸው «ለምን እዚሁ አትሰጥም?» ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። እዚያው አፍንጫችን ሥር፣ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚያሳትመው ጆርናል አለ። እኔ ግን ወጣት ነበርኩ፣ ውጭ አገር ስሜ እንዲታይ ነበር የፈለግኩት። ስሜ! እግዜር ቀልድ ያውቃል።

ጽሑፉን የተየቡልኝ የክፍላችን ጸሐፊ ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ኮምፒውተር ገና ከገባ ጥቂት ጊዜው ነው፤ አቧራ እንዳይነካው በጥልፍ ጨርቅ አልብሰውታል። ጠዋት ጨርቁን ሲገልጡት እንደ መሶብ ነበር። ፍሎፒውን ያስገባሉ፣ መብራት ይሄዳል፣ እንደገና ይጀምራሉ። ማተሚያው ባለ መርፌ ነው፤ ጭርርር፣ ጭርርር እያለ ኮሪደሩን ሙሉ ይረብሻል። ግራና ቀኙ የተበሳሳ ወረቀት እየተያያዘ ይወርዳል፣ ዳር ዳሩን በጣታችን እየቀደድን እንለያየዋለን። እትዬ ሁለት ነገር አልዋጥላቸው አለ። አንደኛው በመስመሮቹ መካከል እጥፍ ክፍተት ይተው መባሉ። «ይኼ ሁሉ ወረቀት ባዶ? ግፍ ነው» አሉ። ሁለተኛው ከሽፋኑ በቀር ስሜ የትም እንዳይገኝ የሚለው ነበር። ገምጋሚዎቹ ማን እንደጻፈው ሳያውቁ እንዲያነቡት ነው ብዬ አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«የማን ልጅ እንደሆንክ ሳያውቁ ምን ብለው ያምኑሃል? ስለት ሲገባ እንኳ ስም ይጠራል።»

ሦስት ቅጂ አስፈለገ። ለሦስቱም አንድ ሳንቲም ሳይቀበሉኝ፣ ከምሳ ሰዓታቸው ሰርቀው አተሙልኝ። የተቀደደውን የወረቀት ዳር ግን አልጣሉትም፤ ለልጃቸው እንደ ሰንሰለት እየቀጣጠሉ የገና ጌጥ ሠሩለት።

ዋናው ፖስታ ቤት የሄድኩት በአንበሳ አውቶቡስ ነው። ፖስታውን እንዳይታጠፍ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ደረቴ ላይ አድርጌ፣ በዚያ ሁሉ ግፊያ። መስኮቱ ጋ ያሉት ሰውዬ መዘኑት፣ ሒሳቡን ነገሩኝ፤ የአንድ ወር የሻይ ገንዘቤ ነው። በአደራ ይሂድልኝ አልኩ።

«ምንድን ነው ውስጡ?»

«ጥናት ነው፣ ጋሼ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ እሺ።»

«ስለ እሺ?» ብለው ቀና አሉ። አንዴ እኔን አንዴ ፖስታውን ተመለከቱ። ከዚያ ረዘም አድርገው «እሺ...» አሉና ማህተሙን ጓ አደረጉት። የትኛው ዓይነት እሺ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ቴምብሮቹን በረጠበች ስፖንጅ እየነኩ አንድ በአንድ ለጠፉልኝ፤ ሌላውን ጥቅል ወደ ቅርጫቱ ሲወረውሩ የእኔን ግን አስቀመጡት። «ይቅናህ» አሉኝ።

ከዚያ ጥበቃ ነው። የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ሁሉ የሚገባው በፖስታ ሣጥን ቁጥር 1176 ነው። የዓለም ደብዳቤ ሁሉ እዚያች ቁጥር ላይ ተራግፎ፣ ተለይቶ፣ በየክፍሉ እስኪበተን ድረስ የእኛ ዓይን ተላላኪው ላይ ነበር። በኮሪደሩ ሲመጣ በእርምጃው ብቻ ደብዳቤ እንዳለው እናውቃለን። ወራት አለፉ። አንዴ «ደርሶናል» የምትል ካርድ መጣች። ከካርዷም በኋላ ስንት ወር ዝም። እና በ1989 ዓ.ም.፣ የሁዳዴ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ያ «ውድ ዶክተር» የሚለው ደብዳቤ መጣ።

አራት አንቀጽ ነው። በመጀመሪያው ያመሰግናሉ። በሁለተኛው ገምጋሚዎቹ ርእሱን እንደወደዱት ይገልጻሉ። በሦስተኛው ጽሑፉ አሁን ባለበት መልክ ሊታተም እንደማይችል ይናገራሉ። በአራተኛው የገምጋሚዎቹን አስተያየት ተቀብዬ ካስተካከልኩት እንደገና ሊያዩት ፈቃደኛ እንደሆኑ ይጽፋሉ። ከኋላው አምስት ገጽ አስተያየት ተያይዟል። አንደኛው ገምጋሚ ንድፈ ሐሳቡ ሳስቷል ይላል፤ ሁለተኛው እንግሊዝኛው ይታረም፣ ደግሞም «አንድ ቃል እንዴት አዎም አይደለምም ይሆናል? ተጨማሪ ምሳሌ ይሰጥ» ይላል።

እኔ ምን ሰማሁ መሰላችሁ? እምቢታ። ያውም የጨዋ እምቢታ። እኛ አገር ሰው አመስግኖ፣ አሞግሶ፣ «ነገር ግን» ካለ ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው «እስቲ ሌላ ጊዜ ብቅ በል» ሰውየውን በክብር መሸኛ ነው። አራተኛውን አንቀጽ ያነበብኩት እንደ መሸኛ ነበር። አምስቱን ገጽ ደግሞ እንደ ቅጣት። አጥፌ ካልሲዬን የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ ግን ደብዳቤውን ይዤው ሄድኩ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ምናልባት የአባቴ ስም ስላለበት ይሆናል። እሳት ዳር ባናውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ ውጭ የመንዝ ብርድ ነው። «አባዬ፣ ፈረንጅ አገር ስምህን ጽፈውልሃል» አልኩት። ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ ያቺን የእንግሊዝኛ ስሙን በጣቴ አሳየሁት። ዶክተር ያሉህ አንተን ነው ስለው እናቴና ጎረቤቶቹ በሳቅ ሞቱ። «እንግዲያ መርፌ ልውጋችኋ!» አለ።

ከዚያ ሳቁ በረድ ሲል «ምን ይላል ታዲያ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ሰላምታ ነው» ብዬ ዋሸሁት።

«ለእኔ?»

«አዎ፣ ለአንተ።»

ዝም ብሎ እሳቱን ቆሰቆሰ። «መልሱን ጽፈህላቸዋል?»

«አልጻፍኩም።»

«አንተ ልጅ፣ ያስተማሩህ ምንድን ነው? ሰው ከባሕር ማዶ ሰላም ብሎ ልኮ ዝም ይባላል? ጻፍላቸው እንጂ!»

«እሺ» አልኩት። አልጻፍኩም። የትኛው እሺ እንደነበረ እንግዲህ ከላይ ከዘረዘርኳቸው ውስጥ ፈልጉት።

ከዓመት በላይ ደብዳቤው ከካልሲ ጋር ተኛ። አንድ ቅዳሜ በጋሼ ቢሮ ውስጥ ሳነብ እሳቸው ሳይታሰቡ መጡ፤ ጃንጥላ ረስተው ነው። ወሬ ወሬን አንስቶ «ያቺ የእሺ ጽሑፍህ ወዴት ደረሰች?» አሉኝ። ተመለሰች አልኳቸው። ደብዳቤውን አምጣ አሉ። ሰኞ አመጣሁላቸው። ቆመው አነበቡት፣ አራተኛውን አንቀጽ ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

«አንተ፣ ስለ እሺ ሃያ ምናምን ገጽ ጽፈህ ሰዎቹ እሺ ሲሉህ አልሰማህም?»

በፈረንጅ ደንብ «አስተካክለህ መልሰው» ማለት በሩ ክፍት ነው ማለት መሆኑን ያኔ አስረዱኝ። እምቢ ሲሉ በሁለት መስመር እምቢ ይላሉ፤ አምስት ገጽ አስተያየት የጻፈልህ ሰው ጊዜውን ሰውቶልሃል፣ ወዶሃል አሉኝ። እንዴት አፈርኩ! ያ ምስኪን ሠራተኛ በካሴቱ ላይ «እጨርሳለሁ መቼ አልኩት?» ሲል እኮ የሳቅኩበት እኔ ነኝ። ፈረንጁ አለቃም ቃሉን ብቻ ሰምቶ ሲበሳጭ ታዝቤዋለሁ። እኔ ደግሞ ቃሉን ትቼ ከቃሉ ጀርባ ያለውን ፈለግኩ፤ እዚያ ግን ምንም አልነበረም። ደብዳቤው የሚለው የተጻፈውን ብቻ ነበር።

ስድስት ሳምንት ሠራሁ። የሁለተኛውን ገምጋሚ ጥያቄ ለመመለስ ካሴቶቹን እንደገና ሰማሁ፤ ምሳሌ ያለው ትክክል ነበር፣ ጽሑፉ በእሱ ምክንያት እጥፍ ተሻለ። እትዬም እንደገና ተየቡልኝ፣ «ስምህን አሁንስ አወቁት?» እያሉ። ወደ አርታኢው መሸኛ ስጽፍ ግን አንድ ነገር አደረግኩ። ለመዘግየቴ ይቅርታ ጠይቄ፣ የዘገየሁት ለምን እንደሆነ እውነቱን ነገርኩት። ዶክተር ያለው አባቴን እንደሆነ፣ አባቴ በግ አርቢ እንደሆነ፣ ሰላምታው ደርሶት መልስ እንድጽፍ ከዓመት በፊት አዝዞኝ እንደነበረ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይም ባባቴ ስም ጤናውን፣ የቤተሰቡን ደኅንነትና ክረምቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት። ጋሼ አይተው «ይኼ መሸኛ ሳይሆን የአገር ቤት ደብዳቤ ነው» አሉ፤ ግን አውጣው አላሉኝም።

መልሱ ሲመጣ በመኪና የተተየበው ሦስት መስመር ነው። ጽሑፉ ይታተማል። ከሥሩ ግን በሰማያዊ ቀለም፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ገጹን እስከ ታች የሞላ ነገር አለ። ለአባቴ ሰላምታ ያቀርባል። ጤናው ደህና እንደሆነ፣ ጀርባውን ብቻ እንደሚያመው፣ ልጅ ሆኖ ያደገው በግ በሚረባበት ቤት እንደሆነ ይናገራል። በአርታኢነት በቆየበት ዘመን ሁሉ ክረምቱ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀው ደራሲ እንዳልነበረም ጽፏል። የአባቴ በጎች ምን ዓይነት እንደሆኑ ማወቅ ይፈልጋል።

ይህን ለአባቴ ሳነብለት አልሳቀም። በቁም ነገር አዳመጠኝ። «የመንዝ በግ በለው። ጠጉሩ ባና የሚሆን፣ ላቱ ወፍራም፣ ብርድ የማይፈራ» አለ። «ለጀርባው ደግሞ ቅቤ ይታሽ በለው።» ጻፍኩለት። በዚህኛው ጊዜ አልዘገየሁም።

ሰሞኑን ከቢሮዬ አጠገብ ያለች ወጣት ባልደረባዬ ጥናት ስትልክ ጎኗ ቁጭ ብዬ አየሁ። ማኪያቶዋ ሳይበርድ ጨረሰች። ፋይሉን ጫነች፣ ሳጥኖቹን ሞላች፣ አንዲት ቁልፍ ነካች፣ አለቀ። ፖስታ የለ፣ ቴምብር የለ፣ ይቅናሽ የሚላት የለ። ጽሑፏ የት እንደደረሰ በስልኳ ታየዋለች፤ «በግምገማ ላይ» የሚል ጽሑፍ በቀን አሥር ጊዜ ከፍታ ታነባለች፣ እንደኛው ትጨነቃለች። ጭንቀቱስ አልተለወጠም። የኢሜይል ሳጥኗ ደግሞ «እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር» እያሉ ጽሑፍ በሚለምኑ፣ ከዚያ ገንዘብ በሚጠይቁ የሐሰት ጆርናሎች ተሞልቷል። በእኔ ጊዜ የሚያሞግስ ደብዳቤ አልነበረም፤ እሷ ደግሞ ከአሞጋሾቹ መካከል እውነተኛውን መለየት አለባት። የእሷ ይከብዳል እላለሁ።

ስሟን የምትሞላበት ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ ቆመ። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን አሁንም አለ፤ ባዶ ከተተወ አያሳልፍም። «ምን ትያለሽ?» አልኳት። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል ለእያንዳንዱ ተመራማሪ የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር መጥቷል፤ ስም ቢምታታም ቁጥሩ አይምታታም አለችኝ። ቁጥሯን በቃሏ ታውቀዋለች። ከዚያ በሳጥኑ ውስጥ የአባቷን ስም ጻፈች። «አባትሽን ዶክተር እንዳደረግሽው ታውቂያለሽ?» ስላት ምን ለማለት እንደፈለግኩ አልገባትም፤ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የማወራችሁ።

ጽሑፌ በ1991 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ከጆርናሉ ተነጥለው የታተሙ 25 ቅጂዎች በፖስታ ላኩልኝ፤ አዲስ ቀለም፣ ወፍራም ለስላሳ ወረቀት፣ ሲከፈት የሚንኮሻኮሽ። አንዱን ለጋሼ ሰጠሁ፣ አንዱን ለእትዬ፣ አንዱን ለእማማ። የፖስታ ቤቱን ሰውዬ ብፈልጋቸው ጡረታ ወጥተዋል ተባልኩ። አንዱን አባቴ በሳጥኑ ውስጥ ከግብር ደረሰኙ ጋር አስቀመጠው። እሱ እስኪሞት ድረስ ያገሩ ሰው ዶክተር እያለ ሲጠራው ኖረ፤ በግ ያመመበት ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ዘንድ ነበር። ያቺን ጽሑፍ እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ የሚጠቅሱ አሉ። ሲጠቅሱ የሚጽፉት የአባቴን ስም ነው፤ እኔ ከጎኑ አንዲት ፊደልና አንዲት ነጥብ ነኝ።